ከአሥራ ሁለት ሊትር አራቱ

ሎርን ሦስት ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ ደርድሮ፣
ከመነጽሩ በላይ ዐይኑን አሻግሮ፣
«ስሪቷ?» አለኝ።
«ዘጠና ስድስት፣ ዶጅ ናት፣ ባለ ናፍጣ፣
ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። ጧት ብርዱ ሲመጣ
ሁለተኛው ማርሽ ጋ ቆም ብላ ታስባለች፤
ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ ትሰማለች፣
ከዚያ እንደ በቅሎ ተራግጣ ትገባለች።»

«ዘይቷስ?»
«ከእጃችን ከገባች ወዲህ አልተነካ።»
«እንግዲያ ተዋት፤ የያዛት ቆሻሻዋ ነው ለካ!
ከፍሪሲዮኑ ላይ የረገፈው ብናኝ፣
ያ ባይኖር ማርሹ የሚነክሰው የለውም፤ እመነኝ።»

ይህን ምክር ዐውቀዋለሁ፤ የተባለው ግን ለመኪና አልነበረም።
እኔና ታላቄ ኦረስት አሥራ አንድ ክረምት አልተነጋገርንም፤
አባታችን የተወውን፣ ኩሬ ያለበትን መሬት
ሳያማክረኝ ከሸጠባት ዕለት።
«አትነካኩት» አለች ሚስቱ ስቴፋ፣ «ያደረውን ተዉት፤
እርሻውን ያቆመው ዝምታችሁ ነው፤ ደግሞ እሱን አትናዱት።»

መኪናዋ ግን የጋራ ናት።
አንድ ሳምንት የሱ፣ አንድ ሳምንት የኔ።
ዳሽቦርዱ ላይ ወረቀት እንተዋለን፣
በደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ፦
«ናፍጣ ሞልቻለሁ።»
«የቀኙ ፍሬን ይጮኻል።»
ባለፈው ሰኞ ደግሞ፦
«ካምቢዮዋ ታማለች። ለብቻ አይሆንም።»

መኪናዋ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሳላስነሣ፣ ደጋግሜ አነበብኩት።
ለብቻ አይሆንም።

አንደኛው ጠርሙስ «ለማንኛውም መኪና» ይላል፤
ለሁሉ ነኝ ያለ ለማን ይታመናል?
ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ቅላቱ የቀለም ብቻ።
ሦስተኛውን አነሣሁ፦
በመለኪያ ዘንጓ የተቀረጸው ዘይት ስሙ ከገበያ ቀርቶ
በቦታው የገባውን፣ ወራሹን።
ፊልትሮ። ጓርኒሲዮን።
ሎርን ራሱን እየነቀነቀ ሒሳቡን ቆረጠ።

የኦረስት ጋራዥ፤ ውጪው ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት።
እኔ በጀርባዬ ከሥር፣ እሱ ጋቢና፣ በሩ ክፍት።
የዚህች ካምቢዮ ሳህን ማፍሰሻ ቡሎን የለውም፤
ማንም ሳይቆሽሽ እንዳይነካት የፈረደ ማን ነው? አላውቅም።
ዳር ዳሩን አላላሁ፤ በአንድ ጥግ ዘንበል ሲል መጣ፣
በክርኔ ወርዶ፣ ባንገቴ ዞሮ፣ በጆሮዬ ወጣ፤
ቀይ የነበረ ዘይት፣ እንደከረመ ሻይ የጠቆረ፣
ሽታው በስሱ ያረረ።

ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ፤ በሁለት ጣቴ አሸሁት።
ከላይ ድምፅ መጣ፤ ወፍሯል፤ የሌላ ሰው መስሎኝ ነበር፣ ለየሁት፦
«ስባሪ አለው?»
«የለውም» አልኩ። «ብናኝ ብቻ ነው። ለስላሳ።»

አራት ሊትር ወጣ። ከአሥራ ሁለቱ አራቱ።
የቀረው ኮንቨርተሯ ሆድ ውስጥ ነው፣ በስበት አይወርድም፤
አዲሱ ከላዩ ይገባል፣ ከአሮጌው ጋር ይዞራል፣
የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አይለየውም።

«አስነሣ!»
«አር!» ይላል እጁ መሪው ላይ፣
«ዲ!» እላለሁ እጄ ዘንጉ ላይ፣
«ኤን ላይ ተዋት፤ ስትሞቅ ነው የምትለካው።»
እስክትሞቅ ድረስ ኮፋኖው ሥር ቆምን፣
እጃችንን ወደ ሞተሩ ዘርግተን፣
ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ጨርቅ።
ስለ መሬቱ ያነሣ የለም።
«ዳክዬዎቹ ገና ናቸው?» አለ፣ ወደ ኩሬው ሳያይ።
«ገና ናቸው» አልኩት።

ሰኞ ጧት፣ በሎርን ደረሰኝ ጀርባ፦
«ሁለተኛው ሲገባ አይታወቅም።
ግን ከጓርኒሲዮኑ ታንጠባጥባለች፤ በረዶው ላይ ቀይ አየሁ።
ሐሙስ እናጥብቀው። ሌላም አራት ሊትር እንለውጥ።
ቁልፎችህን ይዘህ ና፤ የኔዎቹ አልቀዋል።»